ከጥሩንባ ነፊው ጋር ወደ ቀራንዮ

ማለዳ፣ ዘነበወርቅ

በዝናብ ተነስቼ አውቃለሁ። ጎማው በፈነዳ አውቶብስ ተነስቼ አውቃለሁ። አንድ ጊዜም የሌላ ሰው ሻንጣ ይዤ ሄጄ፣ ውስጡ የተገኘውን የሴት ጫማ ለባለቤቴ ማስረዳቱ ደሴ ከመድረስ የበለጠ ከብዶኛል። በገዛ ሚስቴ ለቅሶ ታጅቤ መንገድ ስጀምር ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍ ጭጭ እንዳለ የውጪው በር ተንኳኳ። እኔ ሱፌን ለብሼ፣ ክራባቴን አስሬ፣ ጫማዬን ወልውዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ አስካለ ተኝታለች። የት እንደምሄድ አልነገርኋትም። ብነግራት ትስቅብኛለች፤ ሲስቁብኝ ደግሞ ክራባቴ ይጠብቀኛል።

«ጋሽ ወልዴ! ጋሽ ወልዴ!» አለ ድምፁ ከውጪ።

ይህን ድምፅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ኸይሩ ነው፤ የዕድራችን ጥሩንባ ነፊ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በየቅያሱ እየዞረ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይናገራል። ለዘመናት ሥራው ይኸው ነው። ኸይሩ በማለዳ ስምህን ከጠራ አንተ የለህም ማለት ነው።

አስካለ ዓይኗን ሳትገልጥ የኸይሩን ድምፅና የኔን ስም ባንድ ላይ ሰማች።

«ወይኔ ወልዴ! ወይኔ ሰውዬው! ወይኔ ጉዴ!» ብላ በባዶ እግሯ ከአልጋ ወረደች። ዞር ስትል ሱፍ ለብሼ፣ ተላጭቼ፣ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ተገንዞ እንዳለቀ ሰው ቀጥ ብዬ ተቀምጫለሁ። ጩኸቷ ባሰ።

«አለሁ! ኧረ አለሁ ሴትዮ!»

«ታዲያ ለምን ይጠራሃል?»

በዚህ መሀል ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደርሳለች። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያገኘሁት እሷን ነው። «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» እያለች ነበር። ቀና ስትል አየችኝ።

«ውይ! አሉ እንዴ ጋሽ ወልዴ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አለሁ» አልኋት። ሰው አልዋሽም፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ አይደለም። በማለዳ በከንቱ የተቀሰቀሰ ሰው ፊት ነው።

ኸይሩ ከበሩ ጀርባ ጥሩንባውን በብብቱ ይዞ አፉን በመዳፉ አፍኗል። ሳቁ በትከሻው ይወጣል። አስካለ በመስኮት «አንተ ኸይሩ! እግርህን እሰብረዋለሁ!» ስትለው ነው ጉዟችን የተጀመረው።

ታክሲ ውስጥ

የጉዞ ማስታወሻ የሚያነብ ሰው ሩቅ አገር ይጠብቃል። በዚሁ ዓምድ ተራራም ሐይቅም አሳይቻችኋለሁ፤ ያላየሁትንም ጨምሬ። የዛሬው መንገድ ግን ከዘነበወርቅ ተነስቶ፣ 18 ማዞሪያን ረግጦ፣ ቀራንዮ ያበቃል። ሁለት ታክሲና አንድ ባጃጅ ነው። ቢሆንም ከዚህ የከበደ ጉዞ አላደረግሁም፤ ከምቀናበት ሰው ጋር ነውና የሄድሁት።

ኸይሩ ቪዲዮ ይሠራል። በስልኩ። ጠዋት ተነስቶ ከሰፈር ሰው ጋር ይውላል፣ ሲያወራ ሲራመድ ራሱን ይቀርጻል፣ ሌላውን ይቀርጻል፣ ቆራርጦ ይቀጥልና ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል። «ያልሰማህ ስማ» ይባላል ቻናሉ፤ ጥሩንባ ነፍቶ የሚጮኻት ቃል ነች።

ይኸው የሰፈራችን ሆስፒታል በር ላይ ፋይል የያዙ አስታማሚዎች ተሰልፈዋል፣ ብርቱካን ሻጮች ላስቲካቸውን እየዘረጉ ነው፣ ሚኒባሱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች! ሁለት ሰው!» ይላል። ሁለት ሰው ነን፤ ገባን። ማለቴ ልንገባ ስንል ረዳቱ ኸይሩን አየው።

«ያልሰማህ ስማ! ኸይሩ! ጋቢና ግባ፣ ጋቢና ላንተ ነው!»

«ጋሽ ወልዴ ይግቡ፤ እኔ ከኋላ ይሻለኛል።»

«አልገባም» አልሁ። ለኔ ያልተሰጠ ጋቢና ምን ይሠራልኛል? በኩራቴ ምክንያት ጎማው ላይ፣ ጥቅል ጎመን ያቀፈች ሴትዮና ቦርሳው ጎኔን የሚወጋ ተማሪ መሀል ተቀመጥሁ።

«አባቱ ነዎት?» አለችኝ የጎመኗ ሴትዮ።

«አለቃው ነኝ።»

ውሸት ነው። እኔና ኸይሩ በዕድሩ እኩል ነን። እኔ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ነኝ። ክርስቲያን አባል ሲያርፍ ኸይሩ ይነፋል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ቆሜ አነብባለሁ። መነጽሬን ሳወልቅ ሴቶቹ ማልቀስ ይጀምራሉ። ቢያንስ እስካለፈው ወር ይጀምሩ ነበር።

ባለፈው ወር ቅመም ነጋዴዋ እትዬ ወለላ አረፈች። ሌሊቱን ጻፍሁ፣ ሱፌን ለበስሁ፣ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። የበኩር ልጇ መጥቶ በሹክሹክታ «ጋሽ ወልዴ፣ አይድከሙ። የኸይሩን ቪዲዮ ድንኳን ውስጥ ልናሳይ ነው» አለኝ። አይድከሙ! ሃያ ዓመት ስደክም የት ነበር?

ድንኳኑ ውስጥ ነጭ አንሶላ ተሰቀለ። ወለላ አንሶላው ላይ መጣች። አብሽ ልትገዛ ከመጣች ደንበኛ ጋር ትጨቃጨቃለች። «ይኼ አብሽ ካልጣመሽ ምላስሽን ተመርመሪ» ትላታለች። ያስነጥሳታል፣ በርበሬው ይበናል፣ ራሷ ትስቃለች። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሳቀ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ! ከዚያ የሳቀው ሁሉ ባንድ ጊዜ አለቀሰ፤ ያን የመሰለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አለቀስሁ። ቅናት እንደሆነ ሰው አያውቅም፤ እንባ አንድ ዓይነት ነው።

ኪሴ ውስጥ የቀረው ጽሑፌ «ወይዘሮ ወለላ ከሁሉም ጋር ተግባቢና ሰው አክባሪ ነበሩ» ይል ነበር። ወለላ ከማን ጋር ነው የተግባባችው? ግማሹን ሰፈር በአብሽ የተነሳ ሰድባዋለች።

ሰልስቱ እንዳለፈ ኸይሩ ቤቴ መጥቶ «ጋሽ ወልዴ፣ ቀራንዮ ያሉትን ጋሽ ሽፋን ልቀርጻቸው ነው፤ እርስዎም አብረውኝ ይቀረጹ» አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ዕድል ታየኝ። ካሜራው ፊት ቆሜ ጨዋታ ማለት ምን እንደሆነ ላሳየው ወሰንሁ። ያኔ የሟች ልጆች ወደ ማን እንደሚመጡ እናያለን ብዬ።

ኸይሩ ከጋቢና ዞረ። «ጋሽ ወልዴ፣ የጠዋቱን ድምፁንም በሩንም ስልኩ ይዞታል። በር ላይ ስደርስ ክፍት ነበር። ካልፈቀዱ አጠፋዋለሁ።»

«አጥፋው!»

«እሺ። ማታ አጠፋዋለሁ።»

«አሁን አጥፋው።»

«የእትዬ አስካለንም ፈቃድ ልጠይቅ እንጂ» ብሎ ወደ ፊት ዞረ። የጎመኗ ሴትዮ «ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። «ሞቼ ነበር» አልኋት። ጎመኗን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ረፋድ፣ 18 ማዞሪያ

ጦር ኃይሎች ታክሲ ቀይረን 18 ማዞሪያ ወረድን። ሚኒባሶች እየዞሩ አፍንጫቸውን ወደ መጡበት ይመልሳሉ። ቡና ቤቶቹ የትናንቱን ወለል እያጠቡ ነው፤ ሳሙናማው ውሃ መንገዱን አቋርጦ ሸራ ላይ ወደተደረደሩት የቦንዳ ጫማዎች ይሄዳል፣ ባለጫማው እየተሳደበ ያነሳል። ኪዮስኮቹ በር ላይ ፍራሽ፣ ባሊ፣ የሕፃን ባኞ። እኛ ፉል ቤት ገባን። ፉል በእንቁላል፣ ትኩስ ዳቦ፣ ቃሪያ፤ ሻይ ሃያ ብር። በሃያ ብር ድሮ… ተውት። ይህን አረፍተ ነገር የጀመረ ሽማግሌ ሁሉ ብቻውን ነው የሚጨርሰው።

ኸይሩ ጥሩንባውን ገልብጦ ሰፊውን አፉን መሬት ላይ አቆመው። በቀጭኑ ጫፍ ላይ ስልኩን በሱሪ ላስቲክ አሰረ። ማቆሚያው ይኸው ነው። ሌሎቹ ሦስት እግር ያለው ዕቃ ይገዛሉ፤ እሱ የሞት ጥሩንባ ላይ ሕያው ሰው ይቀርጻል።

የፉል ቤቱ ባለቤት ብቅ አለ። «ወንድሜ፣ በአላህ፣ ያንን ነገር ከበሬ ላይ አንሳልኝ። ደንበኛ ይሸሽብኛል።»

«ዛሬ ለማንም አልመጣሁም» አለ ኸይሩ።

«እሱን እኮ ለሁሉም ነው የምትለው!»

እየተሳሳቁ ጥሩንባውን ወደ ግድግዳው አስጠጉት። እኔ የዚህን ሰው ሥራ ከመጀመሪያው ጀምሬ አይቻለሁ። ሁሉንም። ስለዚህ የምመሰክረው ከሌላው ሰው በተሻለ ነው፤ ጠላት ከወዳጅ ይልቅ በጥንቃቄ ያያል።

የመጀመሪያው ቪዲዮው ስለ አንድ አዲስ ጭማቂ ቤት ነበር። ኸይሩ ስልኩን ከአገጩ ሥር ይዞ የአፍንጫውን ቀዳዳዎች እያሳየን «ስማ! ያልሰማህ ስማ! ጭማቂ ቤት… ዛሬ… ከቀኑ በስድስት ሰዓት…» ብሎ ጮኸ። ድምፁን ሌላ ለማድረግ አልቻለበትም። ከሥሩ ሰዎች «ነፍስ ይማር» ብለው ጻፉ። አንዱማ «ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን» ብሏል፤ ለጭማቂ ቤቱ። ያን ቀን አልጋዬ ላይ ተንከባልዬ ሳቅሁ። ከቪዲዮው ሥር አውራ ጣቷን ወደ ታች የደፋች እጅ አለች፤ አልወደድሁትም ማለት ነው። ተጫንኋት። ከዚያ ወዲህ ባወጣ ቁጥር እጫናታለሁ። ለጤና ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ላይ ጣቱ ካሜራው ላይ ነበር። ሦስተኛውን ነፋስ በላው። በየበሩ ሲያንኳኳ ሰው ይጮህበት ነበር፣ ደንግጣ የምትወድቅም ነበረች፤ እሱን እንኳን ቀርጾ ይለቀው ነበር። እኔ እጫናለሁ። ከዚያ፣ መቼ እንደሆነ ሳላውቀው፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ከዚያ ራሱን ከፊት አነሳ። የጫማ ሰፊውን እጅ ብቻ ያሳይ ጀመር፤ ወሬው ከእጁ ላይ እየወጣ። ከዚያ ዝም ማለት ተማረ። እኔ አንዲት ዝምታ ሳገኝ ሰባት ቃል የምሞላባት ሰው፣ እሱ ጠይቆ ዝም ሲል፣ ሰውዬው ሳያስበው ሆዱን ሲከፍት ሳይ፣ ስልኩን ግድግዳው ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝ። ያስቀረኝ የስልኩ ዋጋ ነው።

«ዝም የምትለዋን ከማን ተማርካት?» አልሁት፣ ግድ ያልሰጠኝ መስዬ ዳቦ እየቆረስሁ።

«ከጥሩንባው ነው ጋሽ ወልዴ። ነፍቼ ወዲያው ስም አልጠራም። መስኮት እስኪከፈት እጠብቃለሁ። ሰው ከእንቅልፉ እስኪነቃ፣ ልቡን እስኪይዝ። ስጠይቅም ያቺን ያህል ነው የምጠብቀው።»

እንደዚህ ያለ ነገር ለኔ ነበር መምጣት የነበረበት። መጽሐፍ ያነበብሁት እኔ!

«አንድ ሰው ደግሞ አለ» አለ ኸይሩ ሻይውን እያማሰለ። «ቪዲዮ በለቀቅኩ ቁጥር ጣቷን ወደ ታች ያደርግብኛል። ማን እንደሆነ አይታይም፤ ቁጥሯ ብቻ ናት የምትታየኝ። ሌላ ሰው ባይጫናትም እሱ አይቀርም።»

«ምቀኛ ነዋ!» አልሁ። ትንሽ ፈጠንሁ መሰለኝ።

«መጀመሪያ እኔም ተናድጄ ነበር። አሁን ጠዋት የማየው እሷን ነው። እሱ ያልወደደውን ምን ይሆን ብዬ ደግሜ አየዋለሁ፤ ድምፄን የቀነስኩት በሱ ነው። አንድ ሰሞን ጠፋብኝ። በአላህ፣ ተጨነቅኩ። ታሞ ይሆን? ብዬ።»

ያን ሰሞን ጉንፋን ጥሎኝ ነበር። ቃሪያ ጎረስሁና ዓይኔ ያነባው በሱ እንዲሆን አደረግሁ።

ስንወጣ ሦስት ተማሪዎች ተንጫጩ። «ኸይሩ! ኸይሩ ነው!» ፀጉሯን የሸረበችው ስልኳን ይዛ ወደኔ ስትመጣ ክራባቴን አስተካከልሁ።

«አባባ፣ አንዴ ከሱ ጋር ፎቶ ያንሱን?»

አነሳኋቸው። ሲያዩት የሦስት ልጅ ግንባርና የኔ አውራ ጣት ነው። ልጆቹ በጨዋነት «በጣም ያምራል» አሉ። ኸይሩ አንገቱን አስግጎ አየና «የኔም የመጀመሪያው እንዲህ ነበር» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ኸይሩ አጽናናኝ!

እኩለ ቀን፣ ቀራንዮ

ባጃጁ ከአስፋልቱ ሲወርድ ክራባቴ አንዴ ግራ ጆሮዬ፣ አንዴ ቀኝ ጆሮዬ ላይ ነው። በአጣና የታሠሩ አዳዲስ ፎቆች፤ በመሀላቸው ጭቃቸው የረገፈ የድሮ ቤቶች፣ እንደኔ ዓይነቶቹ፣ ገና አለን የሚሉ። የቀራንዮ መድኃኔዓለም ጉልላት ከባሕር ዛፎቹ በላይ ብቅ ሲል ባጃጅ ነጂው በአንድ እጁ አማተበ፤ በሌላው እጁ ስልክ ይዟል። በየትኛው እንደሚነዳ ለመድኃኔዓለም ትቼዋለሁ።

ጋሽ ሽፋ የድሮ ዳቦ ጋጋሪያችን ነው። እኩያዬ ነው፤ እሱ ግን ጥርስ አለው። የሰፈራችን ቤቱ ለግንባታ ሲነሳ ቀራንዮ ገብቶ ከልጁ ከራሕመት ጋር ይኖራል። ጉልበቱ ስለደከመ ከወጣ ከራርሟል። ዕድሩን ግን አልለቀቀም። ቤት ይቀየራል፣ ዕድር አይቀየርም።

ከበሩ ራቅ ብለን ሳለ ኸይሩ ጥሩንባውን ፌስታል ውስጥ ከተተና ጮክ ብሎ «ሰላም ነው! ሁሉም አለ! ለወሬ ነው የመጣነው!» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ያንኳኳው።

«ይህችን እኔ በር ላይ ለምን አላልካትም?» አልሁት።

አንገቱን ደፋ። «ረሳሁት። እርስዎን ልቀርጽ ነው ብዬ ስፈራ ነው ያደርኩት፣ ጋሽ ወልዴ።»

ፈራሁ አለ። እኔን! ደስታዬ እንዳይታወቅ ሳልሁ።

ራሕመት ቂንጬ በቅቤ አቀረበች። ኸይሩ ስልኩን አላወጣም። በላ። ስለ ጉልበቱ ጠየቀው፣ ስለ ኪራዩ አማረሩ፣ ስለ ድሮው ምድጃ ተጫወቱ። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ጥሩንባው ተገልብጦ ስልኩ እንደታሰረ ሱፌን አራግፌ ቀደምሁት።

«እሺ ሽፋ፣ የትና መቼ ተወለድክ? ወላጆችህስ እነማን ይባላሉ?»

ሽፋ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ወልዴ፣ ልትቀብረኝ ነው እንዴ የመጣኸው? እኛ ሙስሊሞቹ ዘንድ እኮ የሕይወት ታሪክ አይነበብም!»

ራሕመት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ኸይሩ ግን አልሳቀም። በዚያች በቀነሳት ድምፁ እንዲህ አለ፤

«ጋሽ ሽፋ፣ እኔ ስነፋ ሁልጊዜ ምድጃው ጋ ነቅተው ነው ድምፄ የሚያገኝዎት። ሲሰሙኝ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?»

ከዚያ ዝም አለ። መስኮት እስኪከፈት።

ሽፋ መዳፎቹን አየ። «እውነቱን ነው? ዱቄት ያለበት እጄን እንዲህ ወደ ላይ እይዝና ስሙን እጠብቃለሁ። የኔ ሰው ካልሆነ ደስ ይለኛል። ደስ ሲለኝ ደግሞ አፍራለሁ። ሳፍር ዳቦ እጨምራለሁ፤ ለለቅሶ ቤት የሚሄድ ዳቦ። ያ ሁሉ ትኩስ ዳቦ ስትበሉ የከረማችሁት የኔን እፍረት ነው።» ሳቀ። «ላንተም ጨምሬልሃለሁ ወልዴ፣ የአባትህ ጊዜ።»

አስታወስሁት፤ የአባቴን ለቅሶ፣ የዳቦውን ሙቀት። ይህን ሰው ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ፤ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። ኸይሩ በአንድ ጥያቄ ገባ። ቅናት ቦታ እንዳለው ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ጨጓራ አይደለም፣ ከጨጓራ ከፍ ብሎ በስተግራ ነው።

«አሁን እርስዎ» አለ ኸይሩ፣ ስልኩን ወደኔ አዙሮ። «ስለራስዎ እንደፈለጉ ይንገሩኝ።»

ይኸው ቀኔ ደረሰ። ተነሳሁ። ለዚህ ሰዓት ሳምንት ሙሉ መስተዋት ፊት ተለማምጃለሁ፤ ቀልዶቼ በሰልፍ ቆመዋል። ቀይ መብራቷ በራች። አፌን ከፈትሁ። ከአፌ የወጣው ይኼ ነው፤

«አቶ ወልዴ ከአባታቸውና ከእናታቸው በቀድሞው ከፋ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርታቸውን በሚገባ ተከታትለዋል። ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በተመደቡበት ሥራ ሁሉ በቅንነትና በታታሪነት አገልግለዋል። ከሁሉም ጋር ተግባቢና ሰው አክባሪ ነበሩ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት…»

መነጽሬን አወለቅሁ። ልማድ ነው፤ እዚህ ጋ ነው የሚወልቀው።

«…ነበሩ።»

ራሕመት ግድግዳ ታያለች። ኸይሩ ከስልኩ በስተጀርባ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፤

«ጋሽ ወልዴ፣ ገና አልነፋሁብዎትም እኮ።»

ሽፋ ትን እስኪለው ሳቀ። ልጁ ጀርባውን ትመታለች፣ እሱ «ነበሩ! ነበሩ አለ!» እያለ ጉልበቱን ይመታል። እኔም ቆሜ መሳቅም መሞትም ስላቃተኝ ተቀመጥሁ። ሰፈሩን ሁሉ ባንድ አረፍተ ነገር ስቀብር ኖሬ፣ ራሴን ስቀብር አረፍተ ነገሩን እንኳን አልቀየርሁለትም።

ኸይሩ ስልኩን አላጠፋም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ዛሬ ጠዋት ምን ሆኑ?» አለኝ።

ዝም አለ። ሰይጣን ነው ይህ ሰው። እያወቅሁት፣ ዘዴውን ፉል ቤት ነግሮኝ ሳለ፣ ገባሁለት።

«ጠዋት» አልሁ፣ «ሚስቴ አለቀሰችልኝ። ይኼ ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ሻይህ ቀዘቀዘ፣ እግርህን ጥረግ፣ ከዚህ ሌላ ቃል የለንም። ዛሬ በባዶ እግሯ ወርዳ ወይኔ ሰውዬው ስትል ሰማሁ። ወይኔ ቤቴ አላለችም፣ ወይኔ ልጆቼ አላለችም። ሰውዬው አለች። ይህን ሰምቶ ከዚያ ቁርስ የበላ ባል ስንት አለ? ሌሎቹ ሁሉ ሳይሰሙት ነው የሄዱት። ደግሞም…» እዚህ ላይ ወደ ተንኮሌ ሸሸሁ፤ «ድምፅዋ ጥሩ ነው። የተከራየ አልቃሽ አያስፈልገኝም።»

ኸይሩ ቀይዋን መብራት አጠፋት።

«የጠዋቱን ድምፅ» አልሁት ባጃጅ ስንጠብቅ፣ «አታጥፋው። አስካለን ግን አንተ ጠይቃት። እኔ እፈራለሁ።»

ቤቴ

ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ አስካለ «የት ሄደህ ነው እንደ ሙሽራ ለብሰህ?» አለችኝ። «ቀራንዮ» አልኋት። «በእግርህ መመለስህ!» አለችና ሻይ ቀዳችልኝ። ሙቅ ነበር። ልጽፈው ብዬ አየሁት፤ ይኸው ጻፍሁት።

በሳምንቱ ቪዲዮው ወጣ። አስካለ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደገፈችው። መጀመሪያ ጨለማ ነው። ከጨለማው ውስጥ የውጪ በራችን ይታያል፣ ተዘግቶ። «ወይኔ ወልዴ!» ይላል። ከዚያ የኔ ድምፅ፤ «አለሁ! ኧረ አለሁ ሴትዮ!» በሩ ይከፈታል፣ ክራባት ያሰረ ሽማግሌ ብቅ ይላል። ሳምንት የተለማመድሁት ንግግር በመቀሱ ተበልቶ ከሁሉም የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ «ነበሩ»። ትክክል ነው የቆረጠው። እኔ ራሴም እንደዚያ እቆርጠው ነበር ልል አልሁና ተውሁት፤ አልቆርጠውም ነበር። ሁሉንም ነበር የማስቀረው።

ስለ ለቅሶዋ የተናገርሁት ጋ ሲደርስ አስካለ ወደ ስልኩ ተጠጋች። ሲያልቅ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገችና «እኔ እኮ ሌባ የገባ መስሎኝ ነው የጮህኩት» አለችኝ። ስልኩን ወደኔ ገፋ አድርጋ ደግሞ፤ «እስቲ መልሰው።»

በዚህ ዓምድ ስጽፍ ስንት ዓመቴ ነው? አስካለ አንዱንም ሁለት ጊዜ አንብባው አታውቅም።

ከሥሩ ሰው እየጻፈ ነው። «አባባ ይኑሩልን» የሚል አለ። «ሽማግሌው ክራባታቸው ተጣሟል» የሚልም አለ። የአብዛኛው ሰው ምስጋና ግን ለኸይሩ ነው፤ «እንዴት አደግክ!» ይሉታል። እውነት ነው፤ አድጓል። ከአፍንጫው ቀዳዳ ተነስቶ እኔ ያልደረስሁበት ደርሷል። ይህን በጽሑፍ ስመሰክር ከላይ በጠቀስሁት ቦታ፣ በስተግራ፣ ይወጋኛል።

አስካለ ጓዳ ስትገባ ስልኩን አነሳሁ። ጣቷን ወደ ላይ የቀሰረችው እጅ ከተደፋችው አጠገብ ናት፤ በጣም ቅርብ ናቸው። አውራ ጣቴ በሁለቱ መሀል ትንሽ ቆመ። ኋላ ግን ኸይሩ ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚያየውን አሰብሁ። ያቺ አንዷ ወደ ታች ከቀረችበት ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሰውዬው አረፈ ብሎ ጥሩንባውን ያነሳል።

እንደ ሁልጊዜው ወደ ታች ተጫንሁ።

አለሁ።